ለተራራ ሰው የጀልባ ባትሪ

ላሊበላ ውስጥ ጀልባ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። የከተማው ወንዝ ዮርዳኖስ ነው፤ እሱም ክረምት ካልሆነ ስሙ እንጂ ውሃው አይገኝም። መርከብ ይፈለግ ከተባለ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ይሁንና ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣና ስምንት መቶ ዓመት ያህል ካለበት ንቅንቅ ያላለ በመሆኑ የሞተርም የባትሪም ወጪ የለበትም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተሰቀለ ከተማ፣ ዓሣ በብዛት የሚታየው በሆቴል ምግብ ዝርዝር ላይ በሆነበት (እሱም «ዛሬ አልቋል» ከሚል መልስ ጋር) አገር፣ ስለ ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ባትሪ አመራረጥ መጻፍ ሥራ ፈትነት ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የጀልባው ባትሪ ጥያቄና የላሊበላው ፀጉር አስተካካይ ባትሪ ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚለያዩት የስሕተቱ ዋጋ በሚከፈልበት ፍጥነት ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የማይሆን ባትሪ ገዝቶ ስሕተቱ እስኪገባው ወራት ያልፋሉ፤ እስከዚያም ጥፋቱን በሶላሩ፣ በገመዱ፣ በሠራተኛው፣ ሲብስም በጎረቤት ዓይን ያሳብባል። ጀልባ ላይ ያለው ሰው ግን በሰዓት ጊዜ ውስጥ ሐይቅ መካከል ቆሞ ይቀራል፤ የሚያሳብብበት ሰው እንኳ አጠገቡ የለም። ስለዚህ የተራራ ሰው ባትሪ ከመግዛቱ በፊት በሐሳብም ቢሆን ወደ ውሃው ወረድ ቢል አይጎዳም።

ውሃውም ቢሆን የባዕድ አይደለም። ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ጭኖ፣ ዋግን አቋርጦ ሲሄድ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ ጋ ይደርስና ሐይቅ ይሆናል። ሐይቁ ላይ የዋግ ኽምራ ወጣቶች ቆሮሶና አምባዛ እያሰገሩ ይሸጣሉ፤ ከግድቡ ደግሞ እስከ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ተርባይኖች ይዞራሉ። ውሃው የላስታ፣ አፈሩም የላስታ፤ ነገር ግን በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራቱ ጠፋ፤ ጠፍቶም ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት ለዚህ ከተማ የተተረተ እስኪመስል ድረስ፣ የአገሩ ውሃ እየወረደ የአገሩ ሰው በኩራዝ አመሸ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ቆመ፣ የውሃ ፓምፕ ቆመ፣ ስልክ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ያን ጊዜ ባትሪ የመካኒክ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የየቤቱ ዕቃ ሆነ፤ ስለ ባትሪ ማወቅም የየሰው ዕውቀት ሆነ፣ ቢያንስ የየሰው ንግግር ሆነ። ከዚያ ንግግር ውስጥ የቀረው ትልቁ ልማድ ባትሪን «ስንት አምፔር ነው?» ብሎ መግዛት ነው። እኔ የምለው ግን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው «ምን ድረስ ባራቁተው ይችለኛል፣ መልሼስ መቼ እሞላዋለሁ?» የሚለው ነው። ይህን ሳይመልስ ወደ ሱቅ የገባ ሰው ትልቁን ባትሪ ገዝቶም ትንሹን ይዞ ይወጣል።

ሱቁ ውስጥ የሚሆነውን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ሻጩ ባትሪውን ከመደርደሪያው ሥር ይጎትታል፣ አቧራውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ቁራጭ ሽቦ ያነሣና ቀዩን ራስና ጥቁሩን ራስ ለቅጽበት ያገናኛል። ቿ! ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል፤ የተቃጠለ ብረት ሽታ ይሸታል፤ ገዢው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና በአክብሮት «ይኼስ ጉልበት አለው» ይላል። ገበያው አለቀ ማለት ነው። ብልጭታው ግን ያስመሰከረው ባትሪው በአንድ ቅጽበት ብዙ መትፋት መቻሉን ነው፤ ይህ ደግሞ ለቤት መብራት ጨርሶ የማያስፈልግ ሙያ ነው። (ከባትሪ ውስጥ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን መሆኑንና በእሳት ፍንጣሪ ሊፈነዳ እንደሚችል ሻጩ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢጠየቅ ደግሞ የተሻለ ነው።) የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ነው። ለጥቂት ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያወጣል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ የወጣውን ዲናሞው ወዲያው ይመልስለታል፤ ከያዘው ውስጥ በአንድ ማስነሣት የሚያጎድለው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ሲባል ውስጡ ያሉት፣ መካኒኮች ፕሌት የሚሏቸው የእርሳስ ሰሌዳዎች ቀጫጭንና ብዙ ናቸው። የሶላር ባትሪ የሚባለው፣ በውጭ አገር ለጀልባና ለጎልፍ መኪና የሚሸጠው ዲፕ ሳይክል ግን ሰሌዳዎቹ ወፈር ያሉ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አይተፋም፣ ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይሰጣል፣ ግማሽ ድረስ ጎድሎም ማግሥቱን ይሞላል። አንደኛው ለጉግስ የተቀለበ ፈረስ፣ ሁለተኛው አሸተን ማርያም ድረስ ሸክም ይዞ የሚወጣ በቅሎ ነው። ፈረሱን ሸክም ጭኖ አሸተን የሚያወጣ ሰው ፈረሱ መንገድ ላይ ሲተኛበት ፈረስን መሳደብ የለበትም።

አሁን ወደ ጀልባዋ። ትሮሊንግ ሞተር የሚባለው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መቅዘፊያ ነው፤ ከጀልባዋ ጫፍ ይታሰርና ዓሣውን ሳያስደነብር ቀስ አድርጎ ይነዳታል። በአሜሪካ ሚን ኮታ በሚባለው ስም የሚታወቀው ዓይነት ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1934 ይጀምራል፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ሞሪትዝ ያኮቢ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1838 በሴንት ፒተርስበርግ፣ ኔቫ ወንዝ ላይ ሰው የጫነች ጀልባ በባትሪ ነድቷል፤ መሙላት የሚቻለው የእርሳስ ባትሪ ግን ገና አልተፈለሰፈም ነበር፤ ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ እስኪሠራው ሌላ ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቷል። ሞተር ቀድሞ ባትሪ መዘግየቱ እንግዲህ የላሊበላ ብቻ ችግር አይደለም። እንዲህ ያለ ሞተር ተከዜ ሐይቅ ላይ ይገጠም ቢባል ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በ12 ቮልት የሚሠራው አነስተኛ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም 30 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ተለቅ ያለው 50 ገደማ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ የጫነ ሰው «መቶን ለኃምሳ፣ ሁለት ሰዓት» ብሎ ይነሣል። እዚህ ላይ ነው ወረቀቱና ውሃው የሚለያዩት። ባትሪው ላይ የተጻፈው 100፣ አብዛኛውን ጊዜ በሃያ ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ፣ ማለትም በ5 አምፔር ሲወሰድ የሚገኝ ነው። ፖይከርት የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1897 እንዳሳየው የእርሳስ ባትሪ በኃይል ሲሳብ የሚሰጠው ድምር ራሱ ያንሳል፤ በ50 አምፔር ከተሳበ መቶው ወደ ሰባ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች አለማውረድ ይመከራል። ሁለት ሰዓት የተባለው ወደ አርባ ደቂቃ ተጨማደደ ማለት ነው። አርባ ደቂቃው ደግሞ መሄጃውንም መመለሻውንም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ዓሣ አስጋሪው ሃያ ደቂቃ ሄዶ ካልተመለሰ ቀሪውን መንገድ በእጁ ይቀዝፋል። ሲመለስ ነፋስ ከፊት ከመጣ ደግሞ ሃያውም ሃያ አይደለም። ይኸው ሰው ሞተሩን ዝግ አድርጎ በ10 አምፔር ቢሄድ ግን ያው ግማሽ ባትሪ አምስት ሰዓት ያህል ይወስደዋል። ጀልባ ላይ ፍጥነት ትንሽ ሲቀነስ የሚፈለገው ጉልበት በብዙ ይቀንሳልና። ባትሪው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አራቋቆቱ ነው።

ይህን ትምህርት ይዞ ተራራውን መልሶ መውጣት ቀላል ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ሻይ ቤት እንውሰድ። ባለ 9 ዋት አምፑል ሦስት፣ ለአምስት ሰዓት ቢበራ 135 ዋት ሰዓት ይወስዳል። 50 ዋት የምትበላ ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት ብትከፈት (ኳስ ያለ ቀን ከዚህም ይበልጣል፤ ኳስ ያለ ቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው የለም) 200 ትወስዳለች። አሥር ደንበኛ ስልኩን ቢሰካ 150 ገደማ። ድምሩ 485 ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግማሹ 600 ነው። ኢንቨርተሩ በመሐል የሚበላውን ጨምረን እንኳ ለአንድ ሌሊት ልክ ልኩን ይበቃል። ልብ በሉ፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ሱቅ ሄዳ «ትልቁን ስጠኝ» ብትል ኖሮ ሁለት መቶ አምፔር ይጭኑባት ነበር፤ እዚህ ግን በአንድ ወረቀትና በአንድ እርሳስ ግማሹን ገንዘብ አተረፈች። የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል መሙያው ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ሰው ከመጀመሪያው ይበዛል። የእርሳስ ባትሪ በጎደሎ ሲያድር፣ በጎደሎ ሲሰነብት፣ ሰሌዳው ላይ እርሳስና አሲዱ ተጋግረው እንደ ጨው ይደርቁበታል፤ ከደረቁ በኋላ የሚመልሳቸው ቻርጅ የለም። ባትሪ በእርጅና ከሚሞተው በረሃብ የሚሞተው ይበልጣል። ስለዚህ ሶላሩ ያን 485 በማግሥቱ መመለስ አለበት። ባለ 150 ዋት ሶላር በበጋው የላስታ ፀሐይ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ደህና ቢሠራ ይመልሰዋል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉም አገሩን ሲሸፍነው ግን አይመልስም፤ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኗ ትጾማለች። ባትሪ ያለው ቤት ከዚህ የተለየ ሥርዓት የለውም፤ ያልገባ አይወጣም። ለእንጀራ ምጣድ የሚመኙም አሉ። 3,500 ዋት የሚጠጣ ምጣድ ከ12 ቮልት ባትሪ 290 አምፔር ይስባል፤ አንድ መሶብ ሳይሞላ ባትሪውም ገመዱም ሊጥ ይሆናሉ። ለምጣድ እስካሁን ከእንጨትና ከመስመር መብራት የተሻለ መላ አላየሁም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «የመኪና ባትሪ እዚሁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ የሚያውቀው መካኒክም አለ» ይባላል። ሦስቱም እውነት ነው፤ ክርክሩ ግን ርካሽ የሚለው ላይ ነው። የመኪናው ባትሪ አንድ እጅ፣ የሶላሩ ሁለት እጅ ይሸጣል እንበል። የመኪናውን በየሌሊቱ ግማሽ ድረስ ብናጎድለው መቶ፣ ቢበዛ መቶ ሃያ ጊዜ ያህል ችሎ ይደክማል። የሶላሩ በዚያው አጠቃቀም አምስት መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሁለት እጅ ከፍሎ አምስት እጅ የሚያድር ዕቃ ተወዶ ሳይሆን ረክሶ ነው የተገዛው። ይህን የሚሰማ ሰው አንገቱን ይነቀንቅና «ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ከየት ይምጣ?» ይላል፤ ይህኛው መልስ ሊፈለግለት የሚገባ ጥያቄ ነው። የቸገረው ሰው ውዱን የማይገዛው ስለማይገባው አይደለም፤ ርካሹን ደጋግሞ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ በየወሩ ሲመጣ ውዱን ለመግዛት የሚያስፈልገው በአንድ ጊዜ ስለማይመጣ ነው። መላው ግን ወደ መኪና ባትሪ መመለስ አይመስለኝም። አንደኛ፣ እቁብ የተፈጠረው እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ለሠርግ የተጣለ እቁብ ለባትሪ የማይጣልበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ትልቅ የማይሆን ከመግዛት ትንሽ የሚሆን መግዛት ይሻላል። ባለ 50 አምፔር የሶላር ባትሪ ገዝቶ ቴሌቪዥኑን ለጊዜው መተው፣ ባለ 100 የመኪና ባትሪ ገዝቶ ከአራት ወር በኋላ ቴሌቪዥኑንም አምፑሉንም ከመተው ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ለተቃዋሚዬ እለቅለታለሁ። በቤቱ አንድ ሁለት አምፑል ብቻ የሚያበራ፣ ስልክ የሚሞላ፣ ከከባድ መኪና የወጣ ትልቅ ባትሪ በደህና ዋጋ ያገኘ ሰው ካለ ይግዛ። ከመቶ አሥሩን ብቻ እያጎደለ የሚጠቀምበት ከሆነ ፈረሱን ሸክም አልጫነውም፤ ባትሪውም ዓመታት ሊቆይለት ይችላል። ክርክሬ በመኪና ባትሪ ላይ ሳይሆን የመኪና ባትሪን በማራቆት ላይ ነው።

ከሰሞኑ ደግሞ ሊትየም መጥቷል። ስሙ ሲጠራ ገዢው ሁለት ነገር ይለዋል፤ «ውድ ነው» እና «ቢበላሽ ማን ይሠራዋል?»። ለቤትና ለጀልባ የሚሸጠው በአብዛኛው ሊትየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ነው፤ ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያገኙት ጆን ጉድኢናፍና የሥራ ጓዶቻቸው ናቸው፤ ሰውየው በሊትየም ባትሪ ሥራቸው ኖቤል ሲሸለሙ ዘጠና ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ስለ ዕድሜ ርዝመት የሚያውቁት ነገር ነበር ማለት ነው። ባትሪውም እሳቸውን መስሎ ከያዘው ከመቶ ሰማንያው ቢወሰድበት እንኳ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ጊዜ ይሞላል። በኃይል ሲሳብም እንደ እርሳሱ ድምሩ አይቀንስበትም፤ ስለዚህ ያቺ አርባ ደቂቃ የነበረች ጀልባ በዚያው መቶ አምፔር ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ትሄዳለች። ክብደቱን ደግሞ በትከሻ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ባለ መቶው የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ሲሆን ሊትየሙ 12 ገደማ ነው። ባትሪውን ከሐይቁ ዳር ተሸክሞ መብራት እስካለበት ቀበሌ ለሚያወጣ ዓሣ አስጋሪ ይህ ልዩነት የወገብ ጉዳይ ነው፤ መኪና ወደማይደርስባቸው የላስታና የቡግና መንደሮች በአጋሰስ ለሚያስጭነውም እንዲሁ። ዋጋው የእርሳሱን አምስት እጥፍ ቢሆን እንኳ በሌሊት ሲካፈል ይረክሳል። ማን ይሠራዋል ለሚለው መልሱ ደስ አይልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይሠራውም። ቢሆንም የዚህ መልስ እየተለወጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፤ ጎማ የሚቀይረው ልጅ ሊትየም መፈተሽ መማሩ የማይቀር ነው። ከዋጋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መሙያው ነው። ለእርሳስ የተሠራ ቻርጀር፣ በተለይ ሰሌዳ አጥባለሁ ብሎ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት፣ ሊትየምን ይጎዳል፤ የሶላሩ መቆጣጠሪያ ለሊትየም ተብሎ መስተካከል አለበት። ሌላው ብርድ ነው። ሊትየም ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። ላሊበላ ከተማ ላይ ይህ አያሰጋም፤ 4,260 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ለሚጠጋ ማረፊያ ግን፣ ውርጭ በነጋበት ጠዋት ፀሐይዋ ቶሎ ሶላሩ ላይ ስትወጣ ባትሪው ገና በረዶ ሊሆን ይችላልና፣ ባትሪውን ቤት ውስጥ ማሳደር ግድ ነው። ለተረፈው ደጋ ቅዝቃዜው ጥቅም አለው፤ የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል ይባላልና፣ አፋር ላይ በዓመት የሚሞተው ላስታ ላይ ይሰነብታል። ደጋ መወለድ ከሚሰጣቸው ጥቂት ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ባትሪው እንጀራው የሆነ ሰው (ስልክ የሚሞላው፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው፣ ዓሣ የሚያሰግረው) ሊትየሙን ቢገዛ አይጸጸትም፤ ለመኝታ ቤት መብራት ብቻ የሚፈልገው ግን በደህና የሶላር የእርሳስ ባትሪ ይደር።

«መብራቱ ተመልሷል፤ ሕዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ አሁን ባትሪ ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። 5,150 ሜጋ ዋት ብዙ ነው፤ ላሊበላ የሚደርሰው ግን በመስመር ነው፤ መስመር ደግሞ ዛፍ ይወድቅበታል፣ መብረቅ ይመታዋል፣ ከዚህም የከፋ ነገር እንደሚደርስበት ከተማው አይቶታል። በገና ሰሞን ሕዝቡ ከአራቱም ማዕዘን መጥቶ ከተማው ሲጨናነቅ፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሶኬት ሲፈልግ፣ ባትሪ ያለው ሻይ ቤትና የሌለው ሻይ ቤት በግልጽ ይለያሉ። ጄኔሬተርን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሦስት አምፑል ለማብራት ባለ ሁለት ኪሎ ዋት ሞተር ማስጮህ ለአንድ ጆንያ ጤፍ አይሱዙ መከራየት ነው። ጄኔሬተር ያለው ቤት ባትሪውን በቀን ሞልቶ ሌሊቱን በጸጥታ ቢያድር ይሻለዋል፤ ጎረቤቱም ይመርቀዋል።

እሺ፣ ሒሳቡ ተሠራ፣ ዓይነቱ ተመረጠ፤ ሱቅ ሲገባ ምን ይደረግ? ከሽቦው ብልጭታ ይልቅ የእህል ነጋዴው ሚዛን የተሻለ ዳኛ ነው። የእርሳስ ባትሪ አቅሙ በእርሳሱ ነው፤ 100 ተብሎ ተጽፎበት ሚዛን ላይ ሲወጣ 18 ኪሎ የሆነ ባትሪ ከሆነ፣ ጽሑፉ ቀለም እንጂ እርሳስ የለበትም። ቅዳሜ ገበያ ስንዴ በኪሎ ሲመዘን ሰው ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም፤ በብዙ እጥፍ ዋጋ ያለው ባትሪ ግን ሳይመዘን ይሸጣል። ሁለተኛው ዳኛ ቴስተር ነው። ምንም ሳይሰካበት ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ሆኖ ሱቅ ውስጥ የሰነበተ ከሆነ ከመሸጡ በፊት መታመም ጀምሯል። ከዚያ የመኪና መብራት የሚያህል አምፑል ተሰክቶበት ሩብ ሰዓት ቢጠበቅና ቁጥሩ ቁልቁል ቢሮጥ «ገና ስላልሞላ ነው» የሚለውን መልስ መስማት አያስፈልግም። የተሠራበት ቀንም ይታያል፤ ባትሪ ተሽጦም ሳይሸጥም ያረጃል፣ መደርደሪያ ላይ ዓመት ያደረ አዲስ ባትሪ አዲስ የሚባለው በትህትና ነው። ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው የሚጨመረው። የቧንቧም የምንጭም ውሃ ማዕድን ስላለበት ሰሌዳውን ይጎዳል፤ ጠበልም ቢሆን ለሰው እንጂ ለባትሪ አልታዘዘም፤ ተስፋ ከቆረጠ ሰው አንዳንድ ነገር መጠበቅ ስለማይከፋ ነው ይህን ማንሣቴ።

የቀረው የሞተው ባትሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሞቶም ዋጋ አለው፤ ቁራሌዎ የሚለው ነጋዴ በኪሎ ይገዛዋል። ችግሩ ነጋዴው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው እርሳሱን እንጂ አሲዱን ስላልሆነ «አሲዱን ድፉትና እወስደዋለሁ» ማለቱ ነው። ባለቤቱም ባትሪውን ከጓሮ ያዘነብላል፤ አሲዱ የእርሳሱን ብናኝ ይዞ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ቦዩ ወደ ሸለቆው፣ ሸለቆው ወደ ተከዜ። እርሳስ አፈርና ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ የሕፃን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ መሆኑን ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ ጓሮው ላይ ጎመን ተተክሎ ከሆነ ደግሞ ተከዜ ድረስም መሄድ አያስፈልገውም። «አንድ ባትሪ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ቢኖር ያ የጨለማ ዓመት ስንት ባትሪ ወደዚህ ከተማ እንዳስገባ ያስታውስ፤ የገቡት ሁሉ አንድ ቀን ይሞታሉ፣ አብዛኞቹም የመኪና ባትሪ ስለነበሩ የሞታቸው ቀን ሩቅ አልነበረም። ክዳኑ እንደተዘጋ፣ ሳይደፋ፣ ከነአሲዱ የሚወስድ ገዢ አለ፤ በኪሎ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይከፍላል። ለእሱ መሸጥ ነው፤ የጎደለውን ብር አዲሱን ባትሪ ሲገዙ ከሻጩ ላይ መከራከር ይቻላል።